ስርዝ ድልዝ ያለበት መዝገብ

(በራስ አገዝ ቡድኖች ዓመታዊ የልምድ ልውውጥ ቀን የቀረበ ንግግር)





አዘጋጅ ኮሚቴው በላከልን ደብዳቤ ላይ «በክራር ሥራ ያገኛችሁትን ውጤት አቅርቡልን» ይላል። ተሰብስበን ተነጋገርንበት። ውጤት የሚባለውን ብቻ ብናቀርብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እናንተም አጨብጭባችሁልን ወደ ቤታችሁ ትገባላችሁ፤ ይዛችሁት የምትሄዱት ነገር ግን አይኖርም። ስለዚህ ያበላሸነውን ይዘን ለመምጣት ተስማማን።

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ክራር ቁጥሩ 21 ነው። ከሩቅ ደህና ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ገበቴው ከአፉ ጀምሮ እስከ ሆዱ ተሰንጥቋል፤ ቆዳው ተሸብሽቧል፤ ቀንበሩም ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። ቢቃኙት ሩብ ሰዓት አይቆይም። ይህን ክራር ሠርተን፣ ቫርኒሽ ቀብተን፣ ደረሰኝ ቆርጠን የሸጥነው እኛ ነን።

ለማታውቁን ቡድናችን 16 አባላት አሉት። የጀመርነው በየሳምንቱ 50 ብር እየቆጠብን ነው። ከመካከላችን እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ አለች፤ ጉሊት የምትውል አለች፤ የቀን ሥራ የምትሠራም አለች። ሂሳብ የያዘችው አባላችን ከኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቃ ቀን ቀን በመሥሪያ ቤት በሂሳብ ሠራተኛነት የምታገለግል ናት፤ ዛሬ እዚህ ቆማ ይህን የምታነብላችሁም እሷው ናት። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት ደግሞ «እታለም» እያልን የምንጠራቸው እናት ናቸው። አባታቸው ከበሮና ክራር ሠሪ ነበሩ። እታለም ቆዳ ሲነከር፣ ሲፋቅ፣ ሲወጠር እያዩና እየረዱ አድገዋል። ክራር እንሥራ የሚለው ሐሳብም የመጣው ከእሳቸው ነው።

በሰፈር «ሴት ክራር ብትጫወት አንድ ነገር ነው፤ ደግሞ ልትጠርብ?» ያለን አልጠፋም። ክራርን በሴት እጅ ማየት ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ አስናቀች ወርቁን ያየ ያውቃል። እኛ የጨመርነው መጥረቢያውንና መሮውን ብቻ ነው። ከማኅበሩ ተዘዋዋሪ ፈንድ 30,000 ብር ተበድረን፣ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ተከራይተን ሥራ ጀመርን።

አሠራሩን ለማታውቁ በአጭሩ እንናገር፤ ኋላ የምንለው ነገር ያለዚህ አይገባም። ክራር ከታች ከእንጨት የተቦረቦረ ገበቴ አለው። በገበቴው አፍ ላይ እርጥብ የፍየል ቆዳ ይለብስና ከጀርባ በጠፍር ይጠፈራል። ሁለት ምሰሶዎች ቆዳውን በስተው ገበቴው ውስጥ ይገባሉ፤ ከላይ ቀንበር የሚባለው አግዳሚ እንጨት ያያይዛቸዋል። ክሮቹ ከታች ተነሥተው፣ ቆዳው ላይ በተቀመጠችው በርኩማ ላይ አልፈው፣ ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ። መቃኘት ማለት ያንን ጥምጥም ማጥበቅና ማላላት ነው። እንግዲህ ክሩ ቀንበሩን ይስባል፤ ቀንበሩ ምሰሶውን ይጫናል፤ ምሰሶው ገበቴውን ይገፋል። ከእነዚህ አንዱ ቦታውን ከለቀቀ የሁሉም ነገር ይበላሻል።

መጀመሪያ የሠራናቸው ስህተቶች የሚያስቁ ነበሩ። ሁለት ሦስቱን ብቻ እንንገራችሁ።

የመጀመሪያውን ክራር ቆዳ ቶሎ ይድረቅልን ብለን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። እታለም የዚያን ቀን ለቅሶ ሄደው ነበር። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ቆዳው ከዳር እስከ ዳር ተተርትሮ አገኘነው። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በጥላ ሲደርቅ ቀስ ብሎ እኩል ይወጠራል፤ ፀሐይ ላይ ግን አንዱ ወገን ከሌላው ቀድሞ ይደርቅና ይቀደዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው አንድ ሙሉ ቆዳ ጣልን።

ሁለተኛው የክሩ ነገር ነው። ርካሽ ሆኖ ስላገኘነው ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን የናይለን ክር በጥቅል ገዝተን ስድስቱንም በአንድ ውፍረት አሰርን። ወፍራም ድምፅ መስጠት ያለበት ክር ረግቦ ይንገዳገዳል፤ ቀጭኑን ድምፅ ለማግኘት ስናጠብቅ ደግሞ ይበጠሳል። አንድ ሙዚቃ የተማረ ወጣት ነው የነገረን። ስድስት ክር ባለው ክራር አምስቱ ክሮች የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። በርዝመትና በውፍረት እኩል የሆነን ክር አንድ ኦክታቭ ከፍ ለማድረግ አራት እጥፍ መሳብ ያስፈልጋል። አራት እጥፍ! ምስኪኑ ክር ምን ያድርግ? ከዚያ ወዲህ ለወፍራሙ ድምፅ ወፍራም፣ ለቀጭኑ ድምፅ ቀጭን ክር እናስራለን።

ሦስተኛው፣ አንድ ደንበኛ «ድምፁ ጎላ እንዲል የብረት ክር አድርጉልኝ» አለን፤ አደረግንለት። በሳምንቱ ቀንበሩ ጎብጦ መጣ። ናይለን ክር ያለው ጊታር ስድስቱ ክሮች በድምሩ 40 ኪሎ ገደማ ይስባሉ፤ የብረት ክር ያለው ጊታር ግን ወደ 70 ኪሎ ይደርሳል። ጊታር ያንን እንዲችል ከሆዱ ውስጥ ማጠናከሪያ እንጨቶች ተለጥፈውለታል። የእኛ ክራር የተሠራው ለዚያ ሸክም አይደለም። ደንበኛ የጠየቀውን ሁሉ እሺ ማለት አክብሮት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባን።

እነዚህን ስህተቶች ሳቅንባቸው፤ ተማርንባቸውም። ለመማር ያልከበዱን ለምን ይመስላችኋል? ወጪያቸው ትንሽ ነበር፤ ማን እንዳጠፋም ግልጽ ነበር፤ ሁላችንም ነን ያጠፋነው። ከባዱ ስህተት ግን እንደዚያ አልመጣም።

ከአንድ ትምህርት ቤት የባህል ክበብ የ20 ክራር ትእዛዝ ያገኘነው በጥቅምት ወር ነው። እስከዚያ ድረስ የሠራነው 9 ክራር ብቻ ነበር፤ እሱም አንድ አንድ እየሆነ የተሸጠ። ሃያ በአንድ ጊዜ! ማስረከቢያው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ለሌሎቹ ሥራዎቻችን እረፍት ሰጥተን በሙሉ ኃይላችን ገባንበት።

እስከዚያ እንጨት የምንገዛው የፈረሰ ቤት በርና መስኮት ከሚሸጡ ሰዎች ነበር። ወፍራም የዋንዛ መቃንና መድረክ ስናገኝ እንወስድ ነበር። አሮጌ ነው፤ ሚስማር አለበት፤ መሮ ይሰብራል፤ ለአንድ ክራር የሚሆነውም 350 ብር ይፈጃል። የነበረን አሮጌ እንጨት ለ7 ክራር ብቻ በቃ። ለቀሪው 13 የግዢ ኮሚቴው ሌላ ቦታ ፈለገ። አንድ ነጋዴ በ220 ብር ሒሳብ የሚያማምር፣ ሚስማር የሌለበት፣ ለመሮ ለስላሳ የሆነ የዋንዛ ግንድ አቀረበልን። ገዛን። በአንድ ክራር 130 ብር፣ በ13 ክራር 1,690 ብር አተረፍን። በወሩ ስብሰባ ሂሳቡ ሲነበብ ተጨበጨበልን። የግዢ ኮሚቴው ሦስት አባላት ነበሩት፤ ሂሳብ ያዧም አንዷ ነበረች።

ሃያውን ክራር በቀኑ አስረከብን። በየካቲት አጋማሽ 11ዱ ተመለሱ።

ያመጣቸው የክበቡ ኃላፊ መምህር ጨዋ ሰው ነው፤ አልጮኸብንም። አንዱን አንሥቶ ቃኘውና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ መልሶ ሲመታው ድምፁ ወርዷል። «ልጆቹ ጥፋቱ የእነሱ እየመሰላቸው ነው» አለን። ይህ ከሁሉም በላይ አንገታችንን አስደፋን።

በማግሥቱ ተሰበሰብን። ሁሉም ያየው ቆዳውን ነው፤ ምክንያቱም የሚታየው ቆዳው ነበር። ረግቧል፤ ተሸብሽቧል፤ ጠፍሩ ላልቷል። ቆዳ የሚወጥሩት ደግሞ እታለም ናቸው። አንዷ «ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ እጃቸው ደክሟል» አለች። ሌላዋ «ሃያውን ብቻቸውን ሊወጥሩ ባልተገባ ነበር» አለች፤ የተቆረቆረች መስሏት ነው። ማንም በቀጥታ «እርስዎ ነዎት» አላላቸውም፤ ማንም ግን «እርስዎ አይደሉም» አላለም። እታለም ዝም ብለው ሰሙ። ሽርጣቸውን ፈትተው፣ አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡና ወጡ። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጡም። በቃለ ጉባኤያችንም ላይ እንዲህ ብለን ጻፍን፦ «የተመለሱት ክራሮች ችግር በቆዳ አወጣጠር ጉድለት የመጣ መሆኑ ታምኖበታል።» ከሥሩም ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን አሰፈርን።

እህቶቻችን፣ በቢሮ የምትሠሩ ይህችን «ታምኖበታል» የምትል ቃል ታውቋታላችሁ። ማን እንዳመነ አትናገርም። በምን ማስረጃ እንደታመነም አትናገርም።

መጋቢት 30 የሩብ ዓመቱን ሂሳብ መዝጋት ነበረብን። ለተመለሱት ክራሮች የትኛውን ወጪ በየት እንደምንመዘግብ ለማወቅ የክራሮቹን ቁጥር ከግዢ ደረሰኞች ጋር ማመሳከር ጀመርን። ይህ የሂሳብ ሠራተኛ የዘወትር ሥራ ነው፤ ምንም ጥበብ የለበትም። ከትእዛዙ በፊት የሠራናቸው ከ1 እስከ 9 ናቸው። የትእዛዙ ደግሞ ከ10 እስከ 29። በአሮጌው የበር እንጨት የተሠሩት እስከ 16 ያሉት ናቸው። ከ17 ጀምሮ ያሉት በአዲሱ ግንድ የተሠሩ ናቸው። የተመለሱትን 11 ቁጥሮች በተርታ ጻፍናቸው። ከ17 በታች አንድም የለም።

ከ1 እስከ 16 ያሉትን የወጠረው ማን ነው? እታለም። ከ17 እስከ 29 ያሉትንስ? እታለም። ያው እጅ፣ ያው ቆዳ፣ ያው ጠፍር። የተለወጠው እንጨቱ ብቻ ነው።

ሜትር አምጥተን የተመለሱትን ገበቴዎች ለካን። ስንሠራቸው አፋቸው ክብ ነበር፤ 30 ሴንቲ ሜትር በ30። አሁን ግን የእንጨቱ ቃጫ በሄደበት አቅጣጫ 30፣ ቃጫውን በሚያቋርጠው አቅጣጫ ደግሞ 29 ያልሞላ ሆኖ አገኘነው። ገበቴዎቹ እንቁላል ሆነዋል። አንድ አናጢ ጠርተን አሳየነው፤ አንዴ ዓይቶ «ርጥብ ነበር» አለን። አዲስ የተቆረጠ እንጨት በውስጡ ውኃ አለው። ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በወርዱ ግን ይኮማተራል። ዳርና መሐሉ እኩል ስለማይደርቅም ይሰነጠቃል። የገበቴው አፍ ሲጠብ በላዩ ተወጥሮ የነበረው ቆዳ ትርፍ ሆኖ ይረግባል፤ ጠፍሩም ይላላል። ምሰሶው የተሰካበት ቀዳዳ ይሰፋና ቀንበሩ ያዘነብላል።

ከዚያ አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለን። ክራሮቹ የተመለሱት በየካቲት ነው። በጋ ነው፤ አየሩ ደረቅ ነው። ቆዳ የሚረግበው እርጥበት ሲጠጣ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። በበጋ ቆዳ ይወጠራል እንጂ አይረግብም። ይህን ከእኛ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ከበሮ የት እንደሚሞቅ ሁላችንም እናውቃለን። ቆዳው ነው ብለን ስንፈርድ ግን ማናችንም አላሰብነውም። ሰው ለመወንጀል ስንቸኩል የምናውቀውንም እንረሳለን።

እንጨቱን የገዛነው እኛ ነን። ዋጋውን ተከራክረን ያስቀነስነው እኛ ነን። ትርፉን በመዝገብ አስፍረን የተጨበጨበልን እኛ ነን። በኋላ 13ቱንም እንደገና ለመሥራት ለእንጨት፣ ለቆዳና ለክር በአንዱ 600 ብር፣ በድምሩ 7,800 ብር፣ ለማጓጓዣ ደግሞ 900 ብር አወጣን። 1,690 ብር ለማትረፍ 8,700 ብር። የሁለት ወር ጉልበታችን በዚህ ውስጥ አልገባም። በእታለም ላይ ያደረስነው ደግሞ በየትኛው አካውንት እንደሚመዘገብ እስካሁን አላገኘንም።

እውነቱን ለመናገር ይህ ከታወቀ በኋላ ወዲያው እታለም ቤት አልሮጥንም። ሦስት ሳምንት አለፈ። «ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን» እንባባላለን። «ክራሮቹን ሠርተን እንጨርስና በደስታው ቀን እንጠራቸዋለን» ያለችም ነበረች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። በመጨረሻ ከመካከላችን ትምህርት ያልገባች፣ በስብሰባ ብዙም የማትናገር አንዲት እህት ተነሥታ «አህያውን ፈርታችሁ ዳውላውን መታችሁ፤ አሁን ደግሞ ዳውላውን ይቅርታ ለመጠየቅ አፈራችሁ» አለችን። አህያው የግዢ ኮሚቴው ነበር።

ቡናና ስኳር ይዘን ሦስታችን ሄድን። እታለም በደንብ ተቀበሉን። ያመጣነውን ቡና ወደ ጎን አድርገው የራሳቸውን ቆሉልን። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳናቸው፤ ደረሰኞቹንም አሳየናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ እንዲህ አሉን፦ «በኅዳር እንጨቱ የመጣ ዕለት አንዱን አንሥቼ ከበደኝ። እጄንም ቀዘቀዘኝ። ‹ይህ እንጨት ይከብዳል› አልኳችሁ። ረስታችሁት ነው?»

አልረሳነውም። ያን ዕለት የመለስንላቸውም መልስ ትዝ አለን፦ «እታለም፣ እርስዎ ቆዳውን ይመልከቱ፤ እንጨቱን ለእኛ ይተዉልን።»

ይህ ማስጠንቀቂያ በየትኛውም ቃለ ጉባኤ አልተጻፈም። የእሳቸው ጥፋት የተባለው ግን በቀኑና በቁጥሩ ተጽፏል። ይቅርታ ጠየቅናቸው። እታለምም፣ «ቅያሜው አልፏል፤ እናንተም ልጆቼ ናችሁ። ወረቀቱ ግን አላለፈም። እኔ ማንበብ አልችልም፤ የልጅ ልጆቼ ግን ይችላሉ» አሉን።

ሲመለሱ አንዳንዶቻችን «ያንን ገጽ ቀደን እናውጣውና በሌላ እንተካው» አልን። ንጹሕ ይሆናል፤ ማንም አያውቅም። እዚህ ላይ የሂሳብ ሙያ የሚለው ነገር አለ። በሂሳብ መዝገብ ስህተት አይፋቅም፤ በነጭ ቀለምም አይሸፈንም፤ ገጽም አይቀደድም። በስህተቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበታል፤ የተሰረዘው መነበብ አለበት። ትክክለኛው ከአጠገቡ ይጻፋል፤ የሰረዘችው ሴት ትፈርምበታለች። ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ የተገኘ ስህተት ከሆነ ደግሞ በአዲስ ቀን የማስተካከያ ምዝገባ ይሠራለታል። በየጨረታ ሰነዱ «ስርዝ ድልዝ ካለ ይፈረምበት» የሚባለው በከንቱ አይደለም። ስርዝ ድልዝ ነውር የሚሆነው ያልተፈረመበት ሲሆን ነው። የተፋቀ ስህተት አንድ ቀን ተመልሶ ይሠራል፤ ምክንያቱም የት እንደነበረ የሚያሳይ ምልክት የለውም።

ስለዚህ በሚያዝያ ስብሰባችን እታለም ባሉበት የየካቲቱን ቃለ ጉባኤ አወጣን። «በቆዳ አወጣጠር ጉድለት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝነው። ከጎኑም «ርጥብ እንጨት በመገዛቱ፤ ግዢውን የፈጸመው የግዢ ኮሚቴው ነው፤ የቆዳ ባለሙያዋ በኅዳር ወር አስጠንቅቀው ነበር» ብለን ጻፍን። ስማቸው የነበረበትን መስመርም ሰረዝን። 15ታችንም ፈረምን። እታለም ልጅ እግር አባላችን ሁለት ጊዜ እንድታነብላቸው ካደረጉ በኋላ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት።

ከዚያ ወዲህ ያደረግናቸውን ለውጦች ለሌሎች ቡድኖችም ይጠቅሙ ይሆናል ብለን በአጭሩ እናቀርባለን። እናንተ የምትሠሩት ዳቦ፣ ሽመና ወይም ሳሙና ቢሆንም መንገዱ አንድ ነው።

አንደኛ፣ እንጨትን በዓይን አንገዛም፤ በሚዛን ነው። የአናጢዎች የተለመደ ግምት አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ በጥላ ሲቀመጥ ለመድረቅ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚል ነው። እኛ ዓመት መጠበቅ ስለማንችል በተቻለ መጠን ወደ አሮጌው የበር እንጨት ተመልሰናል፤ ሚስማሩን እንችለዋለን። አዲስ እንጨት ካስፈለገ ገበቴውን በወፍራሙ ጠርበን፣ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ በሰጋቱራ ሸፍነን ሳጥን ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ የግንዱ ጫፍ ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ሰም እንቀባዋለን። በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን እንመዝነውና ክብደቱን በላዩ በእርሳስ እንጽፋለን። አንዱ 3.2 ኪሎ ነበር፤ ከዚያ 2.9፣ ከዚያ 2.7፣ ከዚያ 2.6 ሆነ። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ክብደቱ ሳይለወጥ ሲቀር ደርቋል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ቆዳ አይለብስም። መሮ የማትይዘዋም አባል ቁጥሩን አንብባ «ገና ነው» ማለት ትችላለች።

ሁለተኛ፣ የስህተት ደብተር ከፍተናል። አራት ዓምድ አለው፦ ምን ሆነ፣ መቼ ታየ፣ ስንት አስወጣን፣ ከእንግዲህ ምን እናደርጋለን። «ማን አጠፋ» የሚል ዓምድ የለውም። መጀመሪያ ነበረው፤ ሰረዝነው። እሱ ዓምድ እያለ ሁለት ወር ሙሉ ማንም ምንም አልጻፈችም፤ በሠረዝነው በመጀመሪያው ሳምንት ሰባት ስህተት ተጻፈ። ከእነሱ ውስጥ አንዱ ከነጨው የመጣ ቆዳ በደንብ ሳይታጠብ መወጠሩ ነበር። ጨው እርጥበት ይስባል፤ ያ ቆዳ ክረምት ሲገባ ይረግብብን ነበር። ቶሎ ስለተጻፈ አምስቱንም ቆዳ አውርደን በሦስት ውኃ አጥበን እንደገና ወጠርናቸው። ወጪው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ሆነ።

ሦስተኛ፣ በየስብሰባው አጀንዳ መጨረሻ ላይ «ያላማራችሁ ነገር አለ?» የሚል ጥያቄ አለን። የተባለው ሁሉ፣ ብንስማማበትም ባንስማማበትም፣ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። «ይከብዳል» የምትል አንዲት ቃል ብትጻፍ ኖሮ ከጠቅላላው ጉዳት ታድነን ነበር።

አራተኛ፣ ከየሽያጩ መቶኛ 5 ለጥገና እናስቀምጣለን። ክራር ተመልሶ ሲመጣ የምናወጣው ከዚያ ነው። የተመለሰ ዕቃ እንደ መርዶ ሳይሆን እንደ ደብዳቤ እንዲታይ ገንዘቡ አስቀድሞ መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ ፍርሃቱ እንደገና ሰው ፍለጋ ያስኬደናል።

ትምህርት ቤቱ እስከ ሰኔ ጊዜ ሰጠን። ያልተመለሱትን ሁለቱንም ሄደን አየናቸው፤ መሰንጠቅ ጀምረው ስለነበር ሳንጠየቅ ወሰድናቸው። 13ቱንም በግንቦት አስረከብን። በዓመቱ መዝጊያ የወላጆች ቀን ልጆቹ ሃያውን ክራር ይዘው ሲወጡ ሄደን አይተናል። ከመካከላችን ያላለቀሰች የለችም፤ ብድሩን የምንከፍልበት ገና ብዙ ወር ቢቀረንም።

ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ ብለን ግን አንዋሻችሁም። ሁለት አባላት በዚያ ወቅት ለቀውን ሄደዋል፤ አልተመለሱም። እታለም ተመልሰዋል፤ እንደ ድሮው በየቀኑ ሳይሆን በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጡት። «ልጆቹን አስተምሬ ልሂድ» ይላሉ። ለምን በየቀኑ እንደማይመጡ አልጠየቅናቸውም፤ የሚጠየቁ አይመስለንም። እሳቸው የሌሉ ቀን ቆዳ የሚወጥሩ ሁለት ወጣቶች አሉን። እንጨት ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚያነሡት እታለም ናቸው። «ይከብዳል» ካሉ ወደ ሚዛኑ ይሄዳል።

ቁጥር 21ን ከዚህ ስንመለስ በመጋዘናችን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን። ሻይ ዕረፍት ላይ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ስንጥቁን በጣታችሁ ዳስሱት። የስህተት ደብተራችንንም አምጥተነዋል፤ ዓምዶቹን መገልበጥ የምትፈልጉ ገልብጡ። ጽሑፉ አያምርም፤ ስርዝ ድልዝ ይበዛበታል። ሁሉም ግን ተፈርሞበታል።